የተመራማሪ ሲቪ፦ መልስ ሲጠፋ የት እንፈትሽ?

ለፒኤችዲ ወይም ለፖስትዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ላለ የምርምር ሥራ) አመልክቶ መልስ ማጣት ሁልጊዜ የሥራ ማነስ ምልክት አይደለም። ሲቪውን የሚያነበው ፈረንጅ የእኛን ስም አወጣጥ፣ የእኛን ዘመን አቆጣጠር፣ የእኛን የማዕረግ ስያሜ ላያውቅ ይችላል። ያልገባውን ደግሞ ደውሎ አይጠይቅም፤ ወደሚቀጥለው አመልካች ያልፋል። ጎበዝ ልጆች በዚህ ሲቀሩ ያንገበግባል፣ ምክንያቱም አብዛኛው በአንድ ቀን የሚስተካከል ነው።

ኅትመት አለኝ፣ ሲፈለግ ግን አይገኝም

መጀመሪያ ስማችሁን እዩ። አብዛኞቻችን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። የውጭ ጆርናሎች መጨረሻ ላይ ያገኙትን እንደ ቤተሰብ ስም ይይዙታል። አንዱ ጽሑፍ ላይ በአባት፣ ሌላው ላይ በአያት ስም ከወጣችሁ ዳታቤዙ ሁለት ሰው ሊያደርጋችሁ ይችላል። ወርቁ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ Worku፣ ሌላው Werku ብሎ ይጽፈዋል። የባሰችው ግን እዝባሯ ናት፦ ገ/መድኅን፣ ኃ/ማርያም፣ ወ/ጊዮርጊስ። በአማርኛ ችግር የለባትም። በላቲን ሲጻፍ ግን አንዳንድ የኦንላይን ቅጾች አይቀበሏትም፣ ወይም ስሙን ይቆርጡታል።

መፍትሄው አንድ አጻጻፍ መርጦ እሱን አለመልቀቅ ነው። ከፓስፖርታችሁ ጋር ቢገጥም ይመረጣል። ቀጥሎ ኦርኪድ (ORCID) ክፈቱ። በፈረንጆቹ 2012 ሥራ የጀመረ፣ ለተመራማሪዎች በነጻ የሚሰጥ ባለ 16 አሃዝ መለያ ነው። የድሮ አጻጻፎቻችሁን እዚያ እንደ ተጨማሪ ስም አስገቡ። ቁጥሩን ሲቪው አናት ላይ፣ ከኢሜይላችሁ አጠገብ አድርጉት።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ስማችን ስለሚመሳሰል ጎግል ስኮላር (የጎግል የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ) የሌላ ሰው ጽሑፍ በእናንተ ስም ሊያስገባ ይችላል። እዚያ ባለው ገጻችሁ ላይ አዲስ ጽሑፍ በራሱ እንዲጨምር ፈቅዳችሁለት ከሆነ፣ የማታውቁት የአፈር ጥናት ከሕክምና ሥራዎቻችሁ መሃል ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ቅንብሩን ቀይሩና አስቀድሞ በኢሜይል እንዲጠይቃችሁ አድርጉ። የእናንተ ያልሆነውን ዛሬውኑ አጥፉት። ገምጋሚው ቀድሞ ካየው አውቃችሁ ያስገባችሁት ሊመስለው ይችላል።

ሲቪዬ ላይ ያለው ዓመት ከዲግሪዬ ጋር አይገጥምም

ሐምሌ 2010 የተመረቀ ሰው በፈረንጆቹ ጁላይ 2018 ነው የተመረቀው። 2010 ብሎ ከተወው ስምንት ዓመት ያለ ሥራ የተቀመጠ ይመስላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ደምሩ። ጥቅምት 2010 ኦክቶበር 2017 ነው። ሲቪውን ሙሉ በሙሉ በፈረንጆቹ አድርጉት። ማስረጃችሁ ላይ የእኛ አቆጣጠር ብቻ ካለ፣ ሲቪው ላይ በአንድ አጭር መስመር ግለጹት።

ውጤቴ ጥሩ ነው፣ ጀርመን ግን ቦታ አልሰጠውም

ጀርመን ውስጥ 1.0 ከፍተኛው ውጤት ነው፤ 4.0 ደግሞ የመጨረሻው ማለፊያ። ባዶውን የተቀመጠ 3.85 ለዚያ አንባቢ በጭንቅ ያለፈ ተማሪ ውጤት ሊመስለው ይችላል። ሁሌም «3.85 ከ4.00» ብላችሁ፣ ከፍተኛው 4.00 መሆኑን ጨምራችሁ ጻፉ።

ዓመታት አስተምሬ ልምድ የለህም ይሉኛል

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ ግራጁዌት አሲስታንት ማለት የተቀጠረ የሙሉ ጊዜ መምህር ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ይህ ስም በትርፍ ሰዓቱ የሚያግዝ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። ስለዚህ ማዕረጉን እንዳለ ጻፉና ከጎኑ «የሙሉ ጊዜ የማስተማር ሥራ» የሚል አክሉ። ያስተማራችኋቸውን ኮርሶች፣ ላብራቶሪ ከመራችሁም እሱን፣ ከሥሩ ዘርዝሩ።

የኅትመት ዝርዝሬ ረጅም ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም

ብዙ ጊዜ ሁሉ ነገር አንድ ላይ ስለተደባለቀ ነው። የታተመው፣ ኮንፈረንስ ላይ የቀረበው፣ ገና የተላከው በተራ ቁጥር ተሰልፏል። ለየብቻ አድርጓቸው። የታተመው ዲኦአይ (DOI፣ የጽሑፉ ቋሚ የኦንላይን መለያ) ይኑረው፣ ከሌለው የሚሠራ ሊንክ። ተቀባይነት ያገኘውን እንደዚያው ብላችሁ ጻፉ። ገና በግምገማ ላይ ያለው የጆርናሉን ስም አይፈልግም፤ ትልቅ ጆርናል መላክ በራሱ ውጤት አይደለም። በደራሲያን ዝርዝር ውስጥ ስማችሁን አድምቁት። የቡድን ሥራ ከሆነ ድርሻችሁን በአንድ መስመር ግለጹ፦ መረጃውን የሰበሰበው ማን ነው? ትንተናውን የሠራውስ?

ተከፍሎበት በሳምንት ውስጥ ያለ ግምገማ የወጣ ጽሑፍ ካለ እኔ ሲቪው ላይ እንዲገባ አልመክርም። አንድ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሌሎቹንም ያስጠረጥራል። የአገር ውስጥ ጆርናል ግን ፈጽሞ እንዳታፍሩበት። በርካቶቹ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን በሚባለው የአፍሪካ ጆርናሎች ድረ ገጽ ላይ ስለሚገኙ ሊንኩን ስጡ፤ አንባቢው ራሱ ገብቶ ያያል።

ትንንሾቹ

የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ የመታወቂያ ቁጥር ይውጡ። ፎቶም ካልተጠየቀ አያስፈልግም። ምስክር የምታደርጓቸውን መምህራን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ የተቋም ኢሜይላቸውም የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። የሚላከው ፒዲኤፍ ነው፤ የፋይሉ ስምም «ሲቪ የመጨረሻ አዲስ» ሳይሆን የእናንተ ስም ይሁን።