ስለ ወጣቶች ሰውነት ልብ ወለድ ስትጽፉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ባሕር ዳር ልብ ወለድ የሚሞክሩ ወጣቶች ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ይሰጡኛል። ብዙዎቹ በሰውነቷ ስለምታፍር ልጅ ይጽፋሉ። በጣም የሚያስፈልገን ታሪክ ነው። ለዚያም ነው ሲበላሽ የሚቆጨኝ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት መጨረሻው ላይ ይመጣል። ልጅቷ ወፍራም ናት፤ የክፍል ልጆች ይስቁባታል። ክረምቱን ትከሳለች። መስከረም ላይ ሁሉም ዞሮ ያያታል፤ የምትወደው ልጅም ጣና ዳር ሻይ ይጋብዛታል። አንባቢዋ ከዚህ ምን ትይዛለች? "የሳቁብሽ ልክ ነበሩ፤ ጥፋቱ ያንቺ ነው።" እሷ መጽሐፉን ስትዘጋ ያው የድሮ ሰውነቷ ነው ያላት። ስለዚህ ሰውነቷን ሳትነኩ ሌላ ነገር ለውጡ። ለምሳሌ መጀመሪያ ላይ ሠርግ ይኑር። እኩዮቿ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እስክስታ ሲወርዱ፣ እሷ ደረቷን በነጠላዋ ሸፍና ጥግ ላይ ታጨበጭባለች። ደረቷ ከጓደኞቿ ቀድሞ ወጥቷል። መጨረሻው ላይ፣ በሌላ ሠርግ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ትሰር። ደረቷ ያው ነው።

መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ከፀጉር እስከ እግር የምትገልጽበት መክፈቻ ይቅርባችሁ። በሰውነቱ የሚያፍር ሰው ብዙ ጊዜ መስታወት ይሸሻል። ባጃጅ ውስጥ አስቀምጧት። ከኋላ ሦስተኛ ሆና ስትገባ ትንፋሿን ይዛ፣ እስክትወርድ ድረስ ተኮማትራ ትቀመጣለች። አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው።

ዘመድን ጨካኝ አድርጎ መሳልም የተለመደ ነው። አክስት ከዘጌ በጀልባ መጥታ "ውይ የኔ ዓለም፣ ወፈር ብለሻል፣ ተመስገን!" ትላለች። ለአክስትየው ውፍረት ጤናና ጥጋብ ነው፤ ከልቧ ደስ ብሏታል። ልጅቷ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ ትስማታለች። ማታ ግን እራት አልበላም ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አክስትየውን ክፉ ካደረጋችኋት ታሪኩ እዚያው ይሞታል።

የዕድሜውን ነገርም አጣሩ። ጉርምስና በሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። የሴቶቹ ቁመት ቀድሞ ስለሚመዘዝ 12 ዓመት ላይ ብዙ ወንዶችን ይበልጣሉ። ብጉርም ፊት ካለመታጠብ አይመጣም፤ ሆርሞን የቆዳን ቅባት ስለሚያበዛ ነው። ወንዶቹንም አትርሱ። ቅዳሴ መሀል ድምፁ የሚሰበርበት ትንሽ ዲያቆን እስካሁን በአንድም ረቂቅ አላገኘሁም። ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

አንዲት ቃል ደግሞ አለች፦ "ብትሆንም"። "ጥቁር ብትሆንም ቆንጆ ናት" ብሎ የጻፈ ሰው ልጅቷን ያሞገሰ ይመስለዋል። ጥቁሯ አንባቢ ግን ጆሮዋ የሚቀረው "ብትሆንም" ላይ ነው። ገፀ ባህሪዋ ራሷ እንዲህ ብታስብ ሌላ ነገር ነው፤ ተራኪው ግን አይበል። "ጥቁር ናት፤ ቆንጆ ናት" በሉ።

እናት ወይም መምህርት ልጅቷን ቁጭ አድርጋ "ውበት ከውስጥ ነው" እያለች አንድ ገጽ ሙሉ የምትመክርበትን ቦታ ደግሞ ሰርዙት። የ15 ዓመት ልጅ ምክር ሲጀመር ገጹን ትገልጠዋለች። በዚያ ፋንታ የሠርጉ ዋዜማ ይሁን። የሀበሻ ቀሚሱ ጠብቧታል። እናትየው ምንም ሳትል ጎኑን ተርትራ፣ አስፍታ ትስፋላት።