የተሰበረ የማርሚታ ብሎን እንዴት ይወጣል

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት መስኮት ከፍቶ የሚነዳ የለም። ብርዱ መች ያስከፍታል! የማርሚታ፣ ማለትም የመኪናው ጭስ ማውጫ፣ በክፍተት መተንፈሱን “ድምፅ ብቻ ነው” ብሎ የሚያልፍ ሹፌር ሳይ ሆዴ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችን ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰው እንቅልፍ የመጣበት እየመሰለው ራሱን ይስታል።

የመሐል ሜዳን መስመር የሚሠራ አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ “ጋሼ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ራሴን አመመኝ ይላል። ጠመዝማዛው ይሆን?” አለኝ። መንገዱ አልነበረም። ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሞተሩ የሚሰበስበው ቱቦ) ሥር ያለው ፍላንጅ፣ ማለትም ቱቦና ቱቦ በብሎን የሚጋጠምበት ጠፍጣፋ ከንፈር፣ አንድ ስታዱ ተሰብሮ፣ ዙሪያው በጥላሸት ጠቁሯል። እስኪሠራለት ድረስ ሰው እንዳይጭን ነገርኩት።

ስታድ የምንለው ጭንቅላት የሌለውን፣ ሁለቱም ጫፉ ጥርስ ያለውን ብሎን ነው። የኛ መንገድ ይፈጀዋል። ከሸዋ ሮቢት ተነስታችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናችሁ። ብረቱ ዳገቱን እስኪቀላ ድረስ ግሎ፣ ላይ ጉም፣ ዝናብና የኩሬ ውኃ ይቀበለዋል። መጋልና መቀዝቀዙ ያደክመዋል፣ ዝገቱ ይጨርሰዋል።

የሚተነፍሰውን ቦታ ፈልጉ። ጊዜው ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ነው። ሲነሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማና ሲሞቅ ይጠፋል። ብረቱ ሲግል ስለሚለጠጥ ክፍተቱን ይዘጋዋል። ብዙ ሰው “ተወው፣ ሲሞቅ ይተዋል” የሚለው ለዚህ ነው። አንድ ሰው የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ይያዝላችሁ፤ ጭሱ በክፍተቱ እየፎጨ ይወጣል። የሳሙና ውኃ ብትቀቡት አረፋ ይሠራል። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ መስኮት ዝቅ አድርጉ። ግድግዳው ድምፁን ይመልስላችኋል።

ሥራው ሜዳ ላይ ይሁን። ጎማው ታኮ ይደረግበት። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ። ብረት መቆሚያ ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ያልተሰበሩትንም ቢሆን በጉልበት አትፍቱ። ማታ በሽቦ ብሩሽ አጽዱና ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ (ብሎኑን ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ) ግጠሙ። ትንሽ ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ማጥበቅ። ሲጮህ ዘይት ጨምሩ። የቸኮለ ሰው አንድ የተሰበረ ይዞ መጥቶ ሁለት ይዞ ይሄዳል።

አሁን ወደ ተሰበረው። ጉቶው ትንሽ እንኳ ብቅ ካለ መፍትሔው ብየዳ ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ዘይቱን በደንብ ጥረጉ። ጉቶው ላይ ዳዶ (ብሎን የሚታሰርበት ቀዳዳ ብረት) አስቀምጡና መሐሉን በብየዳ ሙሉት። ከዚያ ታገሡ። ቅላቱ ይጥፋ፣ ብረቱ ይጥቆር፣ ግን አሁንም የጋለ ይሁን። በዚህ ሰዓት ጧፍ ጉቶው ሥር አስነኩት። ሰሙ ይቀልጥና ጥርሱ መሐል ይሰርጋል፤ ቀጭን ጭስ ሲወጣ ታያላችሁ። ያኔ ቁልፉን ያዙና ወዲህ ወዲያ አድርጉት። መጀመሪያ ክርር ይላል፣ ከዚያ ይለቃል። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ዘዴ ነው፤ የወለደውን ዝገት ሙቀቱ ራሱ ያላቅቀዋል።

ከፍላንጁ ጋር እኩል ከተሰበረ መሰርሰር ነው። ፊቱን በሞረድ አስተካክሉ፣ መሐሉን ነጥብ ምቱበት። በ3 ሚሊሜትር ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አስፉት። ስታዱ 8 ሚሊሜትር ሆኖ የጥርሱ ርቀት 1.25 ከሆነ የመጨረሻው ፑንታ 6.8 ነው፤ ከዚያ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል። ጠምዝዞ የሚያወጣውን መሣሪያ ለዛገ ስታድ አልመክርም። ውስጥ ከተሰበረ በጣም ጠንካራ ብረት ስለሆነ ፑንታ አይበሳውም። ቀዳዳው ከወዲያ ወገን የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በስታድ ላይ አትድከሙ፤ በስታችሁ ብሎንና ዳዶ አድርጉበት።

ሁለቱን ፍላንጆች በብየዳ አጣብቆ መሸኘት ግን ጥገና አይደለም። ነገ ካምቢዮ ሲወርድ ቱቦው በሰጌቶ ይቆረጣል። ወጪው እጥፍ ነው።

ሲገጠም በሁለቱ ፍላንጆች መሐል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ አዲስ ይሁን። ብሎኑ ጭንቅላቱ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 የተጻፈበት፣ ዳዶው የነሐስ ወይም መዳብ የተቀባ ቢሆን ይመረጣል፤ አይነክስም። የፍላንጁ ፊት ከጎበጠ ቶርኖ ቤት ይስተካከል። ግራና ቀኙን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ሞተሩ ሞቆ ሲቀዘቅዝ እንደገና እዩት። ሞላ ያለው ብሎን ከሆነ ሞላውን እንዳትጥሉት! ቱቦው ከሞተሩ ጋር እንዲወዛወዝ የተደረገ ነው። ደርቆ ከታሰረ ይሰበራል።

መኪናውን ከማውረዳችሁ በፊት ማርሚታውን በእጃችሁ ነቅንቁት። ማንጠልጠያ ጎማው ከተበጠሰ ክብደቱ ሁሉ አዲሱ ስታድ ላይ ያርፋል። የሞተር መቀመጫ ጎማውም ከተበላ እንዲሁ። የመሐል ሜዳው ሚኒባስ የኋላው ማንጠልጠያ ጨርሶ አልነበረም፤ በሽቦ ታስሮ ነበር። መጀመሪያ የቀየርነው እሱን ነው።