የሮቦት ሞዴል ስትገጣጥሙ ክፍሎቹን በሁለት ጊዜ ቁረጡ

የፕላስቲክ ሮቦት ሞዴል ለምትገጣጥሙ ሁሉ አንድ ነገር ላሳስብ፤ ክፍሉን፣ ክፍሎቹ ተያይዘው ከሚመጡበት የፕላስቲክ ማዕቀፍ ጋር የሚያያዘውን ቀጭን አንገት በአንድ ጊዜ ከሥሩ አትቁረጡት። መጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አስተርፋችሁ በካተር ለዩት፤ ከዚያም ነፃ የሆነውን ክፍል በእጃችሁ ይዛችሁ ትርፉን ቀስ በቀስ ከርክሙ፤ ምክንያቱም ፕላስቲኩ በማዕቀፉ እንደተወጠረ ከሥሩ ሲቆረጥ ጫናው ወደ ክፍሉ ገብቶ ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ይህም በተለይ በጥቁርና በደማቅ ሰማያዊ ክፍሎች ላይ ጎልቶ ይታያል። የቀረውን በ600፣ ቀጥሎም በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። እኔ በምኖርበት በኮዬ ፈጬ አቧራው ራሱ በቂ ስለሆነ፣ ብናኙ እንዳይነሳ ወረቀቱን በውኃ እያራስኩ ነው የምፈገፍገው።

ሥራውን ለመመዘን ስትፈልጉ፣ ጋንዳም የተባለው የጃፓን አኒሜሽን ባለ 18 ሜትር ሮቦት በ1/144 መጠን ሲሠራ ቁመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ጥቃቅን ጉድለቱ በአምፖል ሥር ይሰወራል፤ በማለዳ ከመስኮት በአግድም በሚገባው ብርሃን ስታገላብጡት ግን ያልተስተካከለው ሁሉ ይጋለጣል። መጋጠሚያዎቹንም ሮቦቱን የጦር መሣሪያውን አስይዛችሁ፣ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግታችሁ በማሳደር ፈትሹ፤ ጠዋት ክንዱ ወርዶ ካገኛችሁት ትከሻው ልል ነው።