የፊደል ድምር አልፈታ ሲል

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ልጆች አስጠናለሁ። የፊደል ድምር እንወዳለን፤ በአሃዝ ፈንታ በፊደል የተጻፈ ድምር ነው፣ የተለያዩት ፊደሎች የትኞቹ የተለያዩ አሃዞች እንደሆኑ መፈለግ። ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ ለአንድ ፊደል አንድ አሃዝ፣ ቃል በዜሮ አይጀምርም። ችግሩ ጥያቄው ሲበላሽ ነው።

ብዙ መልስ ከወጣ፦ መጀመሪያ ፊደሉን ጠርጥሩ። እኔ ዘንድ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እሱ ነው። ይቺን እዩ፤

ምሳ + አሳ = ሳቅም

ባለሁለት አሃዝ ሁለት ቁጥር ተደምሮ 200 አይሞላም። ስለዚህ ሳ 1 ነው፣ ም 2። አ 9 ቢሆን ቅ 1 ይሆናል፣ 1 ደግሞ ተይዟል። ስለዚህ አ 8፣ ቅ 0። 21 + 81 = 102። ሌላ መልስ የላትም።

ይህችኑ ሰፈር ያለ ኮፒ ቤት አስተየብኳት። ጸሐፊዋ «አሳ»ን «ዓሣ» ብላ አረመችልኝ። ዓ ምንም አልጎዳም፣ አንዴ ብቻ ነው ያለው። ሣ ግን አዲስ ፊደል ሆነ። ሳላየው 30 ኮፒ አደልኩ። አንዷ የስድስተኛ ክፍል ልጅ 31 + 72 = 103 ብላ መጣች። ጓደኛዋ 41 + 63 = 104። «ቲቸር፣ ማናችን ነን ልክ?» ሁለቱም ልክ ነበሩ። ልጅቷ ግን ስትሰርዝ ስትደልዝ አድራ ወረቀቱ ተቀዷል። አንጀቴን በላችኝ።

እባካችሁ፣ ኮፒ ከማስደረጋችሁ በፊት ፊደል በፊደል እዩት። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ። «እንዳለ ጻፉልኝ፣ አታርሙ» በሉ። ከዚያ ራሳችሁ ፍቱት። በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ከገጠማችሁ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን አንድ አሃዝ ሰጥታችሁ ሞክሩ። ሰ እና ሳን ግን አታዋህዱ! ዘመድ ቢሆኑም ሁለት ፊደል ናቸው።

መጨረሻው አምድ ላይ ከተጋጨ፦ በእጅ የያዛችሁትን ረስታችኋል። ሁለት ቁጥር ሲደመር በእጅ የሚያዘው ከ1 አይበልጥም። ሦስት ሲሆን 2 ይደርሳል።

የተለያዩት ፊደሎች 11 ከሆኑ፦ አሃዝ አይበቃም። ጣሉት።

ሱዶኩ (9 በ9 ሳጥን ውስጥ ከ1 እስከ 9 ያሉ ቁጥሮች በየረድፉ፣ በየአምዱና በየ3 በ3 ክፍሉ ሳይደገሙ የሚሞሉበት ጨዋታ) ሁለት መልስ ካመጣ፦ የተሰጡትን ቁጥሮች ቁጠሩ። ከ81ዱ ሳጥን ከ17 ያነሰ የተሞላበት አንድ ብቻ መልስ ሊኖረው አይችልም። ይህ እ.ኤ.አ. በ2012 በኮምፒውተር ተረጋግጧል። ጥያቄው ደህና ሆኖ አንድ ረድፍ ላይ ሁለት 7 ከመጣባችሁ፣ የሆነ ቦታ ገምታችኋል። ልጆች በእስክሪብቶ እንዲሞሉ አትፍቀዱ። እርሳስ ስጧቸው፣ ላጲስም አብራችሁ።