ውድ ሞተር፣ የቀለጠ ሶኬት፦ የስፖርት ሞተር ችግርና መፍትሄ

ሞተር ብስክሌታችሁ አልነሳ ካለ ነዳጅ መኖሩን፣ የጎን መቆሚያው መታጠፉን፣ ፊውዝ አለመቃጠሉን፣ ቀዩ ማጥፊያ መከፈቱን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ካላያችሁ ሄዳችሁ እዩ። አንዱ ሞተሩን በመኪና አስጭኖ መጣና ቀዩን ማጥፊያ ስመልስለት በአንድ ጊዜ ተነሳ። እሱ አፈረ፤ እኔም ምን ብዬ እንደማስከፍለው ጨነቀኝ።

ውድ ስፖርት ሞተር የገዛ ሰው የሚፈራው የሆድ ዕቃውን ነው፤ ቫልቭ፣ ቺንጊያ፣ ፒስተን። እኔ ግን ደጋግሜ የምፈታው አንዲት ሶኬት ነው።

ምልክት፦ ማስነሻውን ሲጫኑት ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል፤ የዳሽቦርዱ ሰዓት ወደ ዜሮ ይመለሳል

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ባትሪ ይገዛል። አዲሱ ባትሪ ሁለት ሳምንት ይሠራል፤ ከዚያ ያው ነው። አንድ ደንበኛዬ በአራት ወር ሦስት ባትሪ ከገዛ በኋላ ነው የመጣው። «ወንድሜ፣ ቻርጁን ለክተኸዋል?» አልኩት። «ባትሪው እኮ አዲስ ነው» አለኝ። ሦስቱም አዲስ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነዚህ ሞተሮች ዲናሞ ቋሚ ማግኔት ነው። ማግኔቱ አይጠፋም። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ስታተሩ፣ ማለትም ሽቦ የተጠመጠመበት የማይዞረው የዲናሞው ክፍል፣ ኃይል ያመነጫል፤ ተፈለገም አልተፈለገም። ትርፉን የሚገታው ሬጉሌተሩ ነው። የተለመደው ዓይነት ሬጉሌተር ደግሞ ትርፉን የሚገታው የስታተሩን ሽቦዎች ሾርት እያደረገ ነው። ስለዚህ መብራት ብታጠፉም ባታጠፉም ከስታተሩ በሚወጡት ቢጫ ሽቦዎች ውስጥ ከባድ ከረንት ሲመላለስ ይውላል። «መብራት አጥፍቼ ነው የምነዳው፣ እንዳይከብደው» የሚሉ አሉ። ሬጉሌተሩን ይበልጥ እያጋሉት ነው።

ይሄ ሁሉ ከረንት የሚያልፈው ስታተሩን ከሬጉሌተሩ በምታገናኝ አንዲት የፕላስቲክ ሶኬት ነው። ሙቀቱ የሶኬቷን ጥርስ ያላላዋል። የላላ ጥርስ ይግላል፣ የጋለ ጥርስ ይበልጥ ይላላል። አንድ ቀን ስትከፍቷት ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ፣ ሽቦው ደርቆ እንደ እንጨት ሲሰበር ታገኙታላችሁ። ሽታው ደግሞ አይረሳም።

መለኪያው እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.7 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12.4 በታች ከሆነ መጀመሪያ በቻርጀር ሙሉት፤ በሞተ ባትሪ ላይ የሚለካ ነገር ሁሉ ውሸት ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና በደቂቃ ወደ 5000 ዙር አድርሱት። በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካያችሁ ቻርጁ ደህና ነው። በስራ ፈት ዙር ትንሽ ዝቅ ቢል አትደንግጡ።

12 ምናምን ላይ ቆሞ ቀስ እያለ ከወረደ ቻርጅ የለም። ከ15 ካለፈ ወዲያውኑ አጥፉት! ሬጉሌተሩ ለቆታል ማለት ነው፤ ባትሪውን ያፈላል፣ ኮምፒውተሩንም ይዞት ሊሄድ ይችላል። ሌላም ማስጠንቀቂያ፦ ሞተሩ እየሠራ ባትሪ ነቅሎ «ዲናሞው ይሠራ እንደሁ ልይ» የሚል ሰው አጠገባችሁ ካለ እጁን ያዙት።

ቻርጅ ከሌለ ሶኬቷን ንቀሉ። ከስታተሩ የሚመጡት ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ናቸው፤ በጥንቶቹ ላይ ሁለት ናቸው። ቴስተሩን ኤሲ (ተለዋዋጭ ቮልት) ላይ አድርጉና በ5000 ዙር ሁለት ሁለቱን እያጣመራችሁ ለኩ። ብዙውን ጊዜ ከ50 ቮልት በላይ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ሦስቱ ንባቦች እኩል መሆናቸውን እዩ። አንዱ ከቀነሰ ስታተሩ ተቃጥሏል። ሞተሩን አጥፍታችሁ እያንዳንዱን ቢጫ ሽቦ ከማሳ (ከሞተሩ ብረት) ጋር ሞክሩ፤ ምንም መገናኘት የለበትም። ከተገናኘ የጎን ክዳኑ ይከፈታል፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ ጋስኬት ይቀየራል። አትሞኙ፣ ስታተር ስትቀይሩ ሬጉሌተሩንም ቀይሩ። አንዱ ሌላውን ይገድለዋል።

ስታተሩ ደህና ከሆነ አንድ ልኬት ይቀራል፤ ማንም አይለካውም። ሶኬቷን መልሳችሁ ሞተሩን አስነሱ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሬጉሌተሩ ፖዘቲቭ ውጪ ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርጉ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። በኔጌቲቭም ድገሙት። ከእነዚያ ሦስት ባትሪዎች ጋር የመጣው ሞተር እዚህ ላይ ነበር የወደቀው፤ ከአንድ ቮልት በላይ በአንድ የዛገ የማሳ ብሎን ላይ ይቀር ነበር። ብሎኑን ፈትቼ በአሸዋ ወረቀት አሸሁት። ሌላ የሠራሁት ነገር የለም።

የቀለጠች ሶኬት አትጸዳም። የሆነ ነገር ቀብቶ መመለስ ቀልድ ነው። ቆርጣችሁ ጣሏት፤ በወፍራም ሽቦና በትክክለኛ መጭመቂያ አዲስ ተርሚናል አስገቡ። በፒንሳ የተቀጠቀጠ ተርሚናል ተመልሶ ይመጣል። እኔ ራሴ መጀመሪያ አካባቢ ሬጉሌተር ቀይሬ «ሶኬቷ ገና ናት» ብዬ ትቻት ነበር። ባለቤቱ በወሩ ገፍቶት መጣ። ከዚያ ወዲህ ሳልቆርጥ አልለቅም።

ሬጉሌተር ስትገዙ ሞስፌት በሚባል ትራንዚስተር የሚሠራውን ዓይነት ምረጡ፤ ያነሰ ይግላል። ሲሪስ የሚባለው ደግሞ ትርፉን ሾርት ከማድረግ ይልቅ መስመሩን ስለሚቆርጥ ስታተሩንም ያሳርፈዋል። የትኛውም ቢሆን አየር የሚያገኝበት፣ ብረት ላይ በደንብ ይታሰር። የታወቀ ስም የተለጠፈበት አስመሳይ ግን አለ። በእጃችሁ መዝኑት፤ ይቀላል፣ ከኋላው የፈሰሰው ሙጫም የተዝረከረከ ነው። አንዱ አስመሳይ 17 ቮልት ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሱ ጋር የታሰረው የሊቲየም ባትሪ እንደ ትራስ አብጦ ነበር። የሊቲየም ባትሪ ካላችሁ ዲሰልፌሽን (የእርሳስ ባትሪ ማደሻ) ያለበትን ቻርጀርም አታስጠጉት።

ምልክት፦ ቻርጁ ልክ ነው፣ ግን ሳምንት ከቆመ አይነሳም

ባትሪውን የሚጠባው ብዙውን ጊዜ የተጨመረ አላርም ወይም ጂፒኤስ ነው። ንቀሉትና እዩ።

ምልክት፦ ሲቀዘቅዝ አስቸግሮ ይነሳል፣ ስራ ፈት ላይ ይንቀጠቀጣል

ሞተሩ ዱካቲ ከሆነ የሰው ሁሉ ጣት ወደ ዴስሞ ይጠቁማል። ዴስሞ የሚባለው የዱካቲ የቫልቭ አሠራር ቫልቩን የሚዘጋው በሞላ (በስፕሪንግ) አይደለም። አንድ ሮከር (ቫልቩን የሚገፋ ክንድ) ይከፍታል፣ ሌላ ሮከር ይዘጋል። የዱካቲው መሐንዲስ ፋቢዮ ታግሊዮኒ እ.ኤ.አ. በ1956 ወደ ዱካቲ 125 ሲሲ ውድድር ሞተር ያመጣው ሐሳብ ነው፤ ሞላው በከፍተኛ ዙር ቫልቩን በጊዜ መመለስ ያቅተው ነበርና። ዋጋው ግን ክፍተት ሲለካ ይመጣል። ሁለት ሲሊንደር፣ ስምንት ቫልቭ፣ አሥራ ስድስት ክፍተት። በቪ4ቱ ፓኒጋሌ ላይ ሠላሳ ሁለት። በዚያ ላይ እዚያ ለመድረስ የፕላስቲክ ሽፋኑን፣ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ጋኑን)፣ የአየር ሳጥኑን ማውረድ አለ። የምትከፍሉት ለሰዓት ነው፤ የምትቀየረዋ ሺም፣ ክፍተቱን የምታስተካክለው ትንሽ ብረት፣ ዋጋዋ ሳንቲም ነው። ዱካቲ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ላሳወቀው የመልቲስትራዳ ቪ4 ሞተር ወደ ሞላ ተመልሷል፤ የቫልቭ ምርመራውም 60,000 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኗል።

ግን ሆዱን ከመክፈታችሁ በፊት ካንዴላውን፣ የአየር ቱቦዎቹን መሰንጠቅ፣ ደግሞም ቮልቴጁን እዩ። ደካማ ባትሪ ያለው ሞተር የቫልቭ በሽተኛ ይመስላል። አንድ ሰው ቫልቭ አስተካክሉልኝ ብሎ ሁለት ቦታ ከፍሎ በመጨረሻ የተገኘው 12.1 ቮልት ነው።

ቫልቮቹን በቺንጊያ የሚያንቀሳቅስ ሞተር ከሆነ ኪሎ ሜትር ብቻ አትቁጠሩ፤ ዕድሜም ይቆጠራል። «ሦስት ሺህ ብቻ ነው የነዳሁት» የሚል ሰው ሞተሩን ስንት ዓመት እንዳቆመው ጠይቁት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመከር ነገር የለም።

ምልክት፦ ማርሽ አልገባም ይላል፣ የፍሪሲዮን እጀታው ላላ

በፈሳሽ የሚሠራ ፍሪሲዮን ከሆነ ከታች ያለው የፍሪሲዮን ሲሊንደር ያፈሳል። ጎሚኒው ይቀየር፣ ፈሳሹ ይቀየር፣ አየሩ ይውጣ።

ምልክት፦ ደረቅ ፍሪሲዮን (ዘይት ውስጥ የማይሠራው) ቆሞ ሳለ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል

ጤነኛ ነው። እጀታውን ለቃችሁ ስትነዱ የሚያንሸራትት ከሆነ ያኔ አምጡት።