የሚዲ ማዞሪያን ከፕለጊን ጋር ስናገናኝ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተር መልእክት የሚለዋወጡበት ቋንቋ ነው፤ ፕለጊን ደግሞ በሙዚቃ ሶፍትዌር ውስጥ ድምፅ የሚፈጥር ወይም የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ማዞሪያው ሲዞር ድምፁ ከተለወጠ ሁለቱን የሚያገናኘው ስክሪፕት ሠርቷል ብሎ ማለፍ ይቀናናል። ግን መሥራትና ለእጅ መመቸት ለየቅል ናቸው። ሙዚቀኛው ኮዱን አያይም። የሚያውቀው ማዞሪያው እንደታዘዘው ወይም እምቢ እንዳለው ብቻ ነው።

ለ128 ማካፈል

ተራ የሚዲ ኮንትሮል መልእክት ከ0 እስከ 127 ያለ ቁጥር ይይዛል። ደረጃዎቹ 128 ናቸው፤ ትልቁ ቁጥር ግን 127 ነው። ይህን ከ0 እስከ 1 ወዳለ ዋጋ ስትቀይሩ ለ128 ካካፈላችሁ ማዞሪያው ጥጉ ድረስ ቢሄድም ውጤቱ 0.992 ላይ ይቆማል። ቮልዩሙ መቼም ሙሉ አይሆንም።

ሳያባዙ ማካፈል

በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ስታካፍሉ ክፍልፋዩ ይጣላል። 64 ለ127 ሲካፈል ዜሮ ይሆናል። ማዞሪያው እስከ 126 ዝም ይልና 127 ላይ ድንገት ወለል ብሎ ይከፈታል። ኮንታክት በተባለው የተቀዱ ድምፆችን የሚያጫውት ፕለጊን ስክሪፕት ላይም ያው ነው። እዚያ የፓራሜትሮቹ (ማዞሪያው የሚቀይራቸው ቅንብሮች) ክልል ከ0 እስከ 1000000 ስለሆነ መጀመሪያ በ1000000 አባዙ፤ ከዚያ ለ127 አካፍሉ።

ፊልተሩን እኩል እኩል መከፋፈል

ፊልተር ከተወሰነ ድግግሞሽ በላይ ወይም በታች ያለውን ድምፅ ይቀንሳል፤ ማዞሪያው የሚቀይረው ያንን ድግግሞሽ ነው። ብዙ ፕለጊን የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ከ20 እስከ 20000 ኸርዝ ያለውን ክልል እኩል ከከፈላችሁት አንድ ደረጃ 157 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። ታች ላይ የመጀመሪያዋ ንክኪ ከ20 ወደ 177 ትዘላለች። ይህ ከሦስት ኦክታቭ በላይ ነው (አንድ ኦክታቭ ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን ነው)፤ የቤዙ ሰፈር በአንድ ንክኪ አለፈ ማለት ነው። ላይ ደግሞ ያችው 157 ኸርዝ ለጆሮ ምንም አትባልም።

ጆሮ የሚሰማው ልዩነቱን ሳይሆን ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው። ከ100 ወደ 200 እና ከ1000 ወደ 2000 ለጆሮ እኩል ርቀት ናቸው። ስለዚህ የማዞሪያውን ዋጋ ከ0 እስከ 1 አድርጉት፤ 1000ን በዚያ ዋጋ ፓወር አንሱትና በ20 አባዙት። ማዞሪያው ግማሽ ላይ ሲደርስ 632 ኸርዝ ታገኛላችሁ። አሁን እጅና ጆሮ ተስማሙ።

እንዲህም ሆኖ እያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሰሚቶን (የኦክታቭ አሥራ ሁለተኛ ክፍል) ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሬዞናንሱ (ፊልተሩ በሚቆርጥበት ቦታ ድምፁን የሚያጎላው ቅንብር) ከፍ ካለ ደረጃው እንደ መሰላል ይሰማል። ለውጡን ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ ላይ ዘርጉት። ለማብሪያና ማጥፊያ ግን ይህ አያስፈልግም።

ለቮልዩምም በዴሲቤል (የድምፅ ኃይልን በእጥፍ የሚለካ መለኪያ) አስቡ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ 60 ዴሲቤል የወረደ ድምፅ ዝምታ አይደለም። ማዞሪያው 0 ሲሆን ድምፁን በእርግጥ ዜሮ አድርጉት።

የፓንን መሀል መሳት

ፓን ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የ0 እና የ127 መሀል 63.5 ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ደግሞ አይላክም። 64ን በቀጥታ ብትቀይሩት 0.504 ይሆንና ድምፁ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ክልሉን ለሁለት ክፈሉት፦ ከ0 እስከ 64 ለግራ፣ ከ64 እስከ 127 ለቀኝ። መሀሉ መሀል ይሆናል።

ፔዳሉ 127 እስኪል መጠበቅ

የሰስቴን ፔዳል (ሲረገጥ ኖታዎችን አንጠልጥሎ የሚያቆይ) የኮንትሮል ቁጥር 64 ነው። ዋጋው ከ0 እስከ 63 ከሆነ ጠፍቷል፣ ከ64 ጀምሮ በርቷል። አንዳንድ ፔዳል የመሀል ዋጋዎችንም ይልካል። በነገራችን ላይ ከ120 እስከ 127 ያሉትን የኮንትሮል ቁጥሮች ለተጠቃሚ አትስጡ። ለሌላ ሥራ የተያዙ ናቸው፤ ለምሳሌ 123 ኖታዎችን ሁሉ ያጠፋል። የሚዲ ቻናል (መልእክቱ ለየትኛው መሣሪያ እንደሆነ የሚለየው) ቁጥርም በመልእክቱ ውስጥ ከ0 ስለሚጀምር ለተጠቃሚ ስታሳዩት 1 ደምሩበት።

ድንገተኛ ዝላይ

ተጠቃሚው ፕሪሴት (የተቀመጠ የድምፅ ቅንብር) ቀየረ። ፊልተሩ ታች ነው፤ እጁ ላይ ያለው ማዞሪያ ግን ከቀድሞው ከላይ እንደቀረ ነው። ገና ሲነካው ድምፁ ይጮኻል። ይህ ሄድፎን ላደረገ ሰው ጆሮ ይጎዳል፤ እንደ ቀላል አትዩት። ማዞሪያው የፓራሜትሩን ዋጋ እስኪያገኝ ጠብቁት። እኩል መሆኑን ብቻ ከፈተሻችሁ ግን ትሳሳታላችሁ። ፈጠን ብሎ ሲዞር ቁጥሮችን ስለሚዘል ሳይገናኙ ያልፋሉ። ያለፈው ዋጋ ከታች፣ የአሁኑ ከላይ ወይም በተቃራኒው ከሆነ አልፎታልና ያዙት።

ማፒንጉን ከፕሪሴት ጋር ማስቀመጥ

የትኛው ማዞሪያ ምን እንደሚነካ የሚወስነው ሰውዬው ነው፤ ድምፁ አይደለም። ማፒንጉ በፕሪሴት ውስጥ ከተቀመጠ አዲስ ድምፅ በተከፈተ ቁጥር የለፋበት ሁሉ ይጠፋል። ከፕሮጀክቱ ጋር አስቀምጡለት፤ ለብቻው ሴቭ የሚያደርግበትንም መንገድ ስጡት።