ኦርጅናል ስፖይለር ማውለቅና ስሩ ያለውን ቀለም መመለስ

ስፖይለሩን (የመኪናው የኋላ ኮፈን ላይ የሚገጠመውን ክንፍ) ማውለቁ ቀላሉ ስራ ነው፣ ጭንቀቱ ያለው ከስሩ በሚወጣው ነገር ላይ ነው። ስለዚህ አንድም ብሎን ሳትነኩ መጀመሪያ የኋላ ኮፈኑን ክፈቱና የውስጡን ሽፋን አንስታችሁ ስፖይለሩ በምን እንደተያዘ እዩ። በዳዶ ከታሰረ ላሜራው ተበስቷል ማለት ነው፣ ስፖይለሩ ሲነሳ ቀዳዳዎቹ እዛው ይቀራሉ። ዳዶ የሚባል ነገር ከሌለ (ቀጫጭኖቹ ጠርዝ ላይ የሚለጠፉት ብዙዎቹ እንደዛ ናቸው) በፕላስተር (ሁለት ፊቱ በሚለጠፍ ቴፕ) ብቻ ነው የተያዘው፣ እድለኛ ናችሁ፣ ምናልባት ቀለም ሳትቀቡም ትገላገላላችሁ።

ሌላው መታየት ያለበት የፍሬን መብራት ነው። ሶስተኛው የፍሬን መብራት ስፖይለሩ ላይ ከሆነ አብሮ ነው የሚወጣው፣ ብዙ ሀገር ደግሞ ያለሱ መንዳት አይፈቀድም፣ አሜሪካ ለምሳሌ ለቤት መኪና እ.ኤ.አ. ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ነው። ደግሞ ህጉን ተዉትና ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው ቶሎ የሚያየው እሱን መብራት ነው። የኋላ መስታወት ላይ ከውስጥ የሚገጠም ምትክ ሳትይዙ ስራውን አትጀምሩ።

መኪናውን በደንብ እጠቡት፣ በተለይ የስፖይለሩን ጠርዝ፣ እዛ የተጠራቀመው አሸዋ ስትነቀንቁት ቀለሙን ይፍቀዋል። ዙሪያውን በወረቀት ቴፕ ደርባችሁ ሸፍኑ። የሽፋኑን ክሊፖች መሀላቸውን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከፍ አርጋችሁ ንቀሏቸው፣ አንድ ሁለቱ መሰበራቸው አይቀርም፣ አይግረማችሁ። መብራት ካለው ሶኬቱን ንቀሉ፣ ገመዱን ግን እንዳትቆርጡት። ዳዶዎቹ ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር ናቸው፣ ጠለቅ ብለው ስለሚቀመጡ ረዘም ያለ ቡሶላ ያስፈልጋል። ቡሶላው ውስጥ ትንሽ ግሪስ ቀቡ፣ ካለዛ ዳዶው ሾልኮ ኮፈኑ ውስጥ ይገባና መኪናው በተነቃነቀ ቁጥር ሲንኳኳ ትሰማላችሁ። ዝጎ እምቢ ካለ ደግሞ ጉልበት አትጨምሩ፣ ብሎኑ የስፖይለሩ ፕላስቲክ ውስጥ ስለተቀበረ ከስሩ ተፈትቶ ዝም ብሎ መሽከርከር ይጀምራል፣ ከዛ በኋላ መቁረጥ ብቻ ነው ያለው። ዝገት ማላቀቂያ ንፉበትና ቆይታችሁ ተመለሱ።

ዳዶው ሁሉ ወጥቶም ስፖይለሩ አልነሳም ካለ ጫፎቹ ላይ ፕላስተር አለ ማለት ነው። በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ ለብ ብሎ እጅ የሚችለው ሙቀት ይበቃል፣ አንድ ቦታ ላይ ሳታቆሙ እያንቀሳቀሳችሁ። ከዛ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ሁለቱን ጫፍ እጃችሁ ላይ ጠምጥማችሁ በስፖይለሩና በላሜራው መሀል እንደ መጋዝ ወዲያ ወዲህ ሳቡት። ብረት ነገር አስገብቶ መፈንቀል አይሞከርም! ሌላ ሰው ስፖይለሩን ይያዝላችሁ፣ ሲለቅ ድንገት ነው የሚለቀው፣ ብሎኖቹም ኮፈኑን ቧጥጠውት ይሄዳሉ።

የቀረውን ሙጫ እያሞቃችሁ በአውራ ጣት ጠቅልላችሁ አንሱ። የተረፈውን አይሶፕሮፒል አልኮል ወይ ሙጫ ማስለቀቂያ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ነክራችሁ ትንሽ አቆዩበትና ጥረጉት። ቲነር አትንኩ፣ በተለይ መኪናው አንዴ የተቀባ ከሆነ ቀለሙን ራሱ ይዞት ይነሳል። ለፕላስተር ማስለቀቂያ የተሰራ ድሪል ላይ የሚገባ ከጎማ የተሰራ ክብ መፈተጊያም አለ፣ ቀስ ባለ ፍጥነት ከሆነ ጥሩ ይሰራል፣ አንድ ቦታ ካቆማችሁት ግን ያቃጥላል።

አሁን የስፖይለሩን ቅርጽ የያዘ መስመር ታያላችሁ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ደንግጦ ቀለም ቀቢ ጋ ይሮጣል። ቆይ መጀመሪያ በጥፍራችሁ ዳሱት። ጥፍር ካልያዘው ቆሻሻና የቀለም ልዩነት ነው፣ ከያዘው የስፖይለሩ ስር ጎማ ወይ አሸዋው ክሊሩን (ከቀለሙ በላይ ያለውን መስታወት መሰል ሽፋን) በልቶታል። የቀለም ልዩነቱ ምክንያት ምን መሰላችሁ፣ ከስፖይለሩ ስር ያለው ፀሐይ ያልነካው ነው፣ የደበዘዘው ዙሪያው ነው። ስለዚህ ያቺን ቦታ ብቻ ይዞ መፈተግ ልዩነቱን አያጠፋውም፣ ኮፈኑን በሙሉ ነው መስራት ያለባችሁ። ክሌይ ባር (ቆሻሻ የሚያነሳ ጭቃ መሰል ነገር) በሚያንሸራትት ፈሳሽ ሂዱበት፣ ቀጥሎ ኮምፓውንድ (ሻካራው መፈተጊያ ቅባት)፣ ቀጥሎ ፖሊሽ (ለስላሳው)። የፋብሪካ ቀለም ከፕራይመር (ከስር የሚቀባው መነሻ) እስከ ክሊር ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ነው፣ ከዛ ላይ ክሊሩ 40 አካባቢ ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ፈትጋችሁ እያያችሁ ሂዱ፣ የኮፈኑ ጠርዞች ላይ ደግሞ ይበልጥ ስስ ስለሆነ ማሽን አታስጠጉ። ጭረት ከቀረ ብቻ 2000 ከዛ 3000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ከዛ እንደገና ኮምፓውንድ። ቀይ መኪና ላይ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፣ እሱን ከወዲሁ እወቁት።

ወደ ቀዳዳዎቹ እንምጣ። ለጊዜው ከሆነ ወይ ስፖይለሩን ልትመልሱት ካሰባችሁ ልካቸው የሆነ የጎማ መድፈኛ በሲሊኮን አድርጋችሁ ዝጉ፣ ውሃ አያስገባም፣ ያስታውቃል ግን። በቋሚነት ከሆነ መበየድ ነው። ቀዳዳ ላይ ስቱኮ (የሚደርቅ መሙያ ልጥፍ) ሞልቶ መቀባት የሚባለውን ነገር እኔ ስራ አልለውም፣ ኮፈኑ በተዘጋ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ ስቱኮው ከስሩ የሚይዘው ብረት ስለሌለ ይሰነጠቃል፣ ከውስጥ እርጥበት ይጠጣል፣ ከዛ ዙሪያው መዛግ ይጀምራል። የኮፈን ላሜራ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ስለሆነ ባትላሜራው ከኋላ መዳብ ደግፎ ነጥብ ነጥብ እያረገ በየመሀሉ እያቀዘቀዘ ነው መበየድ ያለበት፣ አንዴ ካጋለው ላሜራው ይጣመማል፣ ያንን ማቃናት ከቀዳዳው የባሰ ነው። አልሙኒየም ኮፈን ከሆነ የአልሙኒየም ብየዳ የሚችል ሰው ፈልጉ፣ ሁሉም አይሰራውም። ኮፈኑን ሳይበየድ በፊት ዝገት ካለው ነጭ ብረት እስኪታይ ፍቁት።

ከብየዳው በኋላ ስስ ስቱኮ፣ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ በ180 ከዛ 320 ማለስለስ፣ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ፕራይመሩን በ600 ወይ 800 በውሃ። የቀለሙ ኮድ ብዙ ጊዜ በር ሲከፈት የሚታየው ስቲከር ላይ ወይ ሞተር ክፍሉ ውስጥ አለ፣ ግን በኮዱ የተቀመመውም ከደበዘዘው ጋር ላይገጥም ስለሚችል መጀመሪያ ሌላ ቁራጭ ላይ ሞክሩት። ቀለሙን ከቦታው ወደ ውጭ እያሳሳችሁ ንፉ፣ ክሊሩን ግን ኮፈኑን በሙሉ፣ ግማሽ ኮፈን ላይ የቆመ ክሊር መጋጠሚያው ቆይቶ ይላጣል። ባለ ሁለት ውህድ ክሊር ውስጥ አይሶሳይኔት (ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል) አለ፣ ተራ የአቧራ ማስክ አይመክተውም፣ ትክክለኛ ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ መነጽርና ጓንት ከሌላችሁ ለባለሙያ ስጡት። አዲሱ ክሊር ላይ ሰም ለመቀባት ከ30 እስከ 60 ቀን ጠብቁ፣ ውስጡ ያለው ቲነር መውጣት አለበት።

ኮፈኑ አሁን ስለቀለለ ሲከፈት ብድግ ብሎ ሊወረወር ይችላል። ባለ ዘንግ ስፕሪንግ ከሆነ ብዙ መኪኖች ላይ ዘንጉን አንድ ጥርስ ወደ ላላው ማዛወር ይቻላል፣ ሆኖም በጣም የተወጠረ ነገር ስለሆነ ያለ ትክክለኛ መሳሪያ እጃችሁን አታስገቡ። የውስጡን ሽፋን ከመመለሳችሁ በፊት ቀዳዳዎቹ በነበሩበት ቦታ ላይ ውሃ በጎማ አፍስሱ፣ ሌላ ሰው ከውስጥ በባትሪ ይይ፣ የተበየደውንም ከውስጥ በኩል ፀረ ዝገት ቀቡት፣ ከዛ ክሊፖቹን መልሱ።